ሁለት ጣት ሲጎድል

«የሚማረው ጆሮዋ ነው ወይስ እሷ?» አለ ሙህዲን፣ ድምፁ ከቢሮው አልፎ ግቢው ውስጥ እስኪሰማ።

«አትጩህብኝ! እኔ ሱቅህ መጥቼ ጨርቁን እንዲህ ቅደድ ብዬህ አውቃለሁ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረጻድቅ።

«ጨርቅ የምለካው በሜትር ነው ጋሼ። በጆሮ ለክቼ አላውቅም።»

ልጁ ሙንተሃ አዲሱን ቦርሳዋን እንዳዘለች በሁለቱ መካከል ቆማለች። ገና አሁን አቶ ገብረጻድቅ ጭንቅላቷን ቀጥ አድርገው ይዘው፣ ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ግራ ጆሮዋን እንድትነካ አዘዋት ነበር። ሁለት ጣት ጎደላት። ለእሳቸው ነገሩ አልቋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስገቡትን ልጅ ሁሉ በዚህ ለክተው ነው ያስገቡት፤ እጁ ያልደረሰለት ለከርሞ ይመለሳል። የልደት ወረቀቷ ሰባት ዓመት ይላል፤ ወረቀት ግን ብዙ ዓይነት አይተዋል።

ጓደኛዋ ሩዋይዳ ሰኞ ዕለት አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ አጠገቧ ያለውን ቦታ በደብተር ይዛ ሙንተሃን እየጠበቀች ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። አራት ቀን ቦታ በደብተር መያዝ ቀላል አይደለም።

«ጋሼ፣ ክንድ የሚረዝመው በራሱ ጊዜ ነው» አለች የአንደኛ ክፍሏ መምህርት ዮዲት። ጩኸቱን ሰምታ ተማሪዎቿን ሥዕል አስጀምራ ነው የመጣችው። «የሕፃን ጭንቅላት ቀድሞ ያድጋል፣ ክንዱ ቆይቶ ይደርስበታል። አንዱ በስድስት ዓመቱ፣ ሌላው በስምንት። እናቷን አይተዋቸዋል? ቁመታቸው እኔ ትከሻ ድረስ ነው። ማወቅ ያለብን የተነገራትን ይዛ መሥራት መቻሏን ነው።»

«ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ነው የሚያስተምሯችሁ?»

«እንዲህም ያስተምሩናል። አንዴ ልጠይቃት፣ ይፍቀዱልኝ።»

አቶ ገብረጻድቅ እንደፈለግሽ በሚል እጃቸውን አወናጨፉ። ዮዲት ቁጢጥ አለች።

«ሙንተሃዬ፣ ሦስት ነገር አዝሻለሁ፤ ተናግሬ እስክጨርስ እንዳትነቃነቂ። በሩን ትዘጊያለሽ። የወደቀውን ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጫለሽ። ከዚያ ጋሼን የፈለግሽውን አንድ ጥያቄ ትጠይቂያቸዋለሽ።»

ሙንተሃ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ጠመኔውን አነሳች፣ አቧራውን እፍ አለችለት፣ አስቀመጠችው። ከዚያ አቶ ገብረጻድቅ ፊት ቆማ ማሰብ ጀመረች።

«እርስዎ ጆሮዎን ይነካሉ?»

«አስተግፊሩላህ» አለ ሙህዲን ወደ መስኮቱ ዞሮ።

«እንዴታ!» አሉ አቶ ገብረጻድቅ፤ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። እጃቸው አናታቸው ላይ ደረሰና ቆመ። «ወይ ትከሻዬ! ይሄ ቁርጥማት!»

«ሁለት ጣት ጎደለዎት» አለች ሙንተሃ በቁም ነገር።

ዮዲት አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ለከርሞ ይመለሱ እንዳልልዎት...» አለ ሙህዲን።

«ዝም በል አንተ!»

«አንገትዎን ዘንበል ያድርጉት፣ እንደ አባ ኮዳ» አለች ሙንተሃ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ሊገዙ ሲሄዱ ያንን ትልቅ ወፍ አንገቱን አዘንብሎ ሲያያት ስታየው ነው የኖረችው። «ያኔ ይደርሳል። እኔ ቤት እንደዚያ ነው የማደርገው።»

አቶ ገብረጻድቅ አንገታቸውን አዘነበሉ። ጣታቸው ጆሯቸውን ነካ።

«ታዲያ ቅድም ለምን እንዲህ አላደረግሽም?»

«ጭንቅላቴን ይዘውኝ ነበራ!»

አቶ ገብረጻድቅ እጃቸውን ከጆሯቸው አውርደው መዝገቡን ሳቡና «ሙንተሃ ሙህዲን» ብለው ጻፉ። ራሳቸው በማስመሪያ ያሰመሩት «ጆሮ» የሚል ዓምድ ጋ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ፤ ባዶውን ተዉት።

«አንተስ ትነካለህ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

ሙህዲን ሲሞክር ኮፍያው ወደቀ። ዮዲት በቀላሉ ነካች። ውጭ ሲጠብቅ የቆየው ባጃጅ ነጂ ሄኖክ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?» ሊል ነበር፤ ሁሉም እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ሲያይ እሱም ሞከረ።

«አንገትህን አታዘንብል! ያ ሌብነት ነው!» አለው ሙህዲን።

«የምን ሌብነት? ቀጥ ብሎ ነው የሞከረው እንጂ!» አሉ አቶ ገብረጻድቅ። «በል እንደገና፣ እኔ እያየሁህ።»

ሙንተሃ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። በሩን ከፈተች፣ ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው፣ ወደ አንደኛ ክፍል ሄደች።