ሦስተኛው ሽማግሌ

ሰሚሃ ውጫሌ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሱቋ ፊልም በፍላሽ ትጭናለች። ደንበኞቿ ተኩስ ያለበትን ይመርጣሉ፤ እሷ ግን የሚያስቀውን የፍቅር ፊልም ነው የምትወደው። አካሄዱን አብጠርጥራ ታውቀዋለች፤ ይጣላሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ በመጨረሻ ልጁ ሰው በተሰበሰበበት አፉን ሞልቶ «እወድሻለሁ» ይላል። ሙአዊያ ያቃተው ይኸው ነው።

ሙአዊያ የሐይቅ ባጃጅ ነጂ ነው። ፍቅሩን የሚገልጸው ሱቋ ድረስ ሙዝ በማምጣት ነበር። ቁርጡን ነገረችው። «ከአፍህ ካልሰማሁ፣ አባቴ ሲጠይቀኝ እምቢ ነው የምለው።» እሱም ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ የሚላከው ለዚሁ አይደል?

አባቷ ባድሩ በወጉ መሠረት፣ ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ ሳይሉ እንደቆሙ ሰምተው «ልጅቱ ገና ናት» እያሉ ሁለቴ መለሷቸው። በሦስተኛው ቀጠሮ ግን ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ቄስ ገብረ ኢየሱስ፣ ለግሸን ንግሥ ሄደው ነበር። የሽማግሌዎቹ መሪ ሸህ ሐሰን ደግሞ ከሦስት ጎድለው ሰው ደጅ መቆም አይሆንላቸውም። ያመጣቸውን ባጃጅ ነጂ፣ ሙአዊያን ራሱን፣ ጋቢ አከናንበው ይዘውት ገቡ።

ሰሚሃ ከመጋረጃው ጀርባ አየችው። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን ያዘች፤ ወዲያው ፈራች። አባቷ ተንቄአለሁ ብለው ካባረሩት ነገሩ አበቃ።

ባድሩ ሐይቅ በወረዱ ቁጥር የሚሳፈሩት በዚሁ ልጅ ባጃጅ ነው። ምንም እንዳላወቁ ሆነው ወደ እሱ ዞሩ።

«አንቱን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። እስቲ ስለ ልጁ ጠባይ ንገሩኝ።»

ሙአዊያ ላብ በላብ ሆነ። ሽማግሌ ልጁን ማሞገስ አለበት፤ ራሱን ማሞገስ ግን አሳፈረው።

«ወላሂ፣ እምብዛም ነው» አለ። «እንቅልፍ ይወዳል። ቶሎ ይቆጣል። ሲናገር ምላሱ ይተሳሰራል።»

ሸህ ሐሰን በምርኩዛቸው ጎሸም አደረጉት።

«ተሳፋሪ ሳይዝ እስከ ውጫሌ ይመጣል። እሷን አይቶ ባዶውን ይመለሳል» አለ ሙአዊያ። ከዚያ ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፈፈ። «እኔ ነኝ። እወዳታለሁ።»

ሸህ ሐሰን «አስተግፊሩላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሺ ብያለሁ!» አለች ሰሚሃ ከመጋረጃው ጀርባ።

«ማን ጠየቀሽ?» አሉ ባድሩ። ወደ መጋረጃው ቆየት ብለው ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ ሙአዊያ ዞሩ።

«ሙሽራው ወጥቶ ባጃጁ ውስጥ ይጠብቅ። ሽማግሌዎች፣ በሉ ቁጭ በሉ።»