ለአባቷ ብቻ የታተመው ቅጂ

ናፍቆት እባላለሁ፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለችው ትንሿ ማተሚያ ቤት የኔ ናት። ድሮ የተመራቂዎችን የምርምር ጽሑፍ እየጠረዝኩ ነበር የምኖረው። አሁን ግን መጽሐፍ በትእዛዝ አትማለሁ፤ አንድ ብቻ ቢፈልጉ አንድ፣ ሦስት ቢፈልጉ ሦስት። ደስ ይላል አይደል? አይልም። መጽሐፉ ኮምፒውተሬ ውስጥ ስለሚቀመጥ ደራሲ የተባለ ፍጥረት ዕድሜ ልኩን እጁን አይሰበስብም። አንድ አስተማሪ አለ፣ ከሚስቱ ጋር በተኳረፈ ቁጥር እየመጣ የግጥም መድበሉን የመታሰቢያ ገጽ ያስቀይረኛል። ሲታረቁም ይመጣል።

ሱራያ ግን እንዲህ አልነበረችም። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ቁጥብ ልጅ ናት፤ ልብ ወለዷን ስታመጣ አንዲት ቃል አላስቀየረችም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ቅጂ ከተመራቂዎቹ ሽፋን ጋር አምታትቼው «ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የቀረበ» የሚል በወርቅ ቀለም ተጽፎበት ወጣ። እሷ ሳቀችና አቅፋው ሄደች።

መጽሐፉ ስለ አንድ ሾፌር ነው። ስሙ ቢቀየርም በዲላና በይርጋጨፌ መሀል የተመላለሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሱራያ አባት ጋሽ ባህሩዲን ናቸው። ሚኒባሳቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት። በሩን ድው አድርጎ የዘጋ ተሳፋሪ፣ ሹምም ይሁን ሸይኽ፣ ወርዶ ቀስ አድርጎ እንደገና ይዘጋል። እኔም ወርጄ ተለማምጃለሁ።

የታሪኩ እንብርት አንድ ዝናባማ ከሰዓት ነው። ሾፌሩና ልጁ ብቻቸውን ከይርጋጨፌ ሲመለሱ ይጨቃጨቃሉ። አሪቻ መገንጠያ ላይ ዕቃ አውርዳ ስትገባ ልጅቷ በንዴት በሩን ትወረውረዋለች። ውረጂ ይላታል፤ ትወርዳለች፤ ጥሏት ይሄዳል፣ ኩርባው ላይም ይሰወራል። በዝናቡ ስትንቀጠቀጥ ሌላ ሾፌር አግኝቷት ቤቷ ያደርሳታል፣ ሒሳብም አልቀበልም ይላታል። የመጽሐፉ ጀግና ይኸው ሰውዬ ነው። የምርሽን ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት እውነት ነው አለችኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሆና የደረሰባት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እሷም አባቷም ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ጭንቀቷ ታዲያ የሌላ ሰው አስተያየት አልነበረም። አባቷ መጽሐፏን እንዲያነቡላት ትፈልጋለች፤ ካነበቡ ደግሞ እንዳይቀየሟት ትፈራለች። በመጨረሻ መላ አመጣች፤ ለሳቸው ብቻ የሚሆን አንድ ቅጂ። በዚያ ቅጂ ሾፌሩ ኩርባው ጋ ሳይደርስ ይመለሳል፣ ጃኬቱን አውልቆ ያለብሳታል፣ ይቅርታ ይጠይቃታል። ዲላ ውስጥ እንዲህ ያለ ምስጢር ሳምንት አያድርም አልኳት። አባቷ የሰው መጽሐፍ ተውሰው የሚያነቡ ዓይነት አይደሉም አለችኝ። እኔ ምን አገባኝ፣ አተምኩላት።

እውነትም ሳምንት አላደረም። ሱራያ ተጨማሪ ቅጂ ልትወስድ እኔ ጋ ተቀምጣ ሳለ ጋሽ ባህሩዲን ገቡ። በሬን ኮሽ ሳያደርጉ ዘጉት። ሁለት መጽሐፍ ይዘዋል፤ አንዱ የራሳቸው፣ ሌላው አንድ ተማሪ ሚኒባሳቸው ውስጥ ረስቶት የወረደው። ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። የሱራያ ፊት ዓመድ መሰለ፤ እኔም አብሬ ፈራሁ።

የራሳቸውን ገልጠው ጣታቸውን አሳረፉበት። «ይቅርታ ጠየቃት ይላል። እኔ መቼ ጠየቅሁ?»

ጣታቸውን ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ አዞሩ።

«ያኛው ደግሞ ጥሏት ሄደ ይላል። እሱም ውሸት ነው። ቤት ያደረሰሽን ይርጉንም ጀግና አደረግሽው። ይርጉ ሻይ እንኳ ከኪሱ ጋብዞ አያውቅም።»

ከዚያ እንደቆሙ ነገሩን። ኩርባውን እንዳለፉ መኪናዋን አቁመው ለይርጉ ደውለዋል። ከይርጋጨፌ እየወጣ ነበርና ልጄን አንሳት፣ እኔ እንዳልኩህ ግን እንዳትነግራት ብለውታል። እስኪመጣ በእግራቸው ተመልሰው እንሰት ሥር ተከልለው ሲያዩዋት ነበር። ይርጉ ካሳፈራት በኋላም እስከ ዲላ ከኋላ ከኋላ ተከትለዋል።

ሱራያ ቀና ብላ አባቷን አየች። «ያን ቀን ቤት ርሰህ ነበር የገባኸው» አለች። «ርሰህ ነበር እኮ አባ። መኪና ውስጥ የነበረን ሰው ምን አራሰው ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽማ በሩን መልሰሽ ትወረውሪዋለሽ።»

ወደኔ ዞረው፣ ይኼ ማሽን አንድም ቢሆን ያትማል የሚባለው እውነት ከሆነ ትክክለኛውን አንድ እንዳትምላቸው ጠየቁኝ። ሱራያን ኮምፒውተሬ ፊት አስቀመጥኳትና የአባቷን ቅጂ ከፈትኩላት። እሳቸው ከኋላዋ ቆመው ያስተካክሉ ጀመር። ከደራሲ የባሰ አሰልቺ የለም ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ባለታሪኩ ይብሳል። ዝናቡን አበረቱት። ይርጉ ሲመጣ ፈገግ እንዳይል ከለከሉ። ያኔ ጃኬት አልነበረኝም ብለው ጃኬቱን አስወጡ። አለቀሰ የሚል ቃል እንዳይገባም አስጠነቀቁ፤ ይህን ሲሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሱራያ ሾፌሩ ይቅርታ የሚጠይቅበት ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰች። ልታጠፋው እጇን ሰነዘረች።

«እሱን ተዪው» አሉ ጋሽ ባህሩዲን።

«አልጠየቅሁም አላልክም እንዴ?»

«ያኔ አልጠየቅሁም» አሉ። «አሁን ግን ይቆይ።»

ከማሽኑ የወጣውን ትኩስ ቅጂ ይዘው ሲወጡ ሱራያ በሩን ለቀቀችው። ድው አለ፤ መስታወቱ ነዘረ። ጋሽ ባህሩዲን ዞር ብለው በሩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ ትከሻዋን አቅፈው ሄዱ። የተቆጣሁት እኔ ነኝ፤ በሩ የኔ ነው።