ያልመታኋቸው ሚስማሮች

«እዛ ክፍል አይገቡም አልኩ እኮ።»

«ማን ስለሆንክ ነው የምትከለክለኝ?»

«እትዬ፣ በቃ አይግቡ። አሮጌው ክፍል ይሻላል።»

«አሮጌው ክፍል መስኮቱ ተገንጥሎ መስታወቱ ምንጣፉን ሞልቶታል። ልጆቹን መስታወት ላይ ላስቀምጥልህ? ዞር በል ከበሩ።»

ዞር አላልኩም። እትዬ የሕፃናት ማቆያው ኃላፊ ናቸው። ቁመታቸው እስከ ደረቴ ነው፣ ሲቆጡ ግን የማጥረው እኔ ነኝ። ትንሿን፣ ገና ዓመት ያልሞላትን፣ በግራ ክንዳቸው ታቅፈዋል። በቀኝ እጃቸው ገመዱን ይዘዋል። ገመዱ አስር ቋጠሮ አለው፤ አንዱ ቋጠሮ ለአንድ ልጅ ነው። ከክፍል ክፍል ሲሄዱ ሁሉም የራሱን ቋጠሮ ጨብጦ እንደ ባቡር ይከተላቸዋል። አሁንም አስሩም በረንዳው ላይ ጨብጠው ቆመዋል። ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ እኔን ያያል። ረዳቷ ሞግዚት አሟት ቀርታለች። ያለነው እትዬ፣ ዘበኛው ጋሼና እኔ ነን።

ከሩብ ሰዓት በፊት እኮ ፀሐይ ነበር። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ እያፏጨሁ አሸንዳ እሰቅላለሁ። ድንገት ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። መጀመሪያ አቧራ መጣ፣ ከዛ ፌስታል፣ ከዛ የጎረቤት አንሶላ ከነማስጫ ገመዱ። ዘልዬ ስወርድ መሰላሉም ተከትሎኝ ወረደ። የግቢው ዛፍ እየተጎነበሰ መሬት ይስማል። እንዲህ ዓይነት ንፋስ አይቼ አላውቅም። ጋሼም አላየሁም ብለዋል፣ እሳቸው ደሞ አላየሁም የሚሉት ነገር የለም።

እትዬ በትከሻቸው ገፋ አድርገውኝ ገቡ። ባቡሩም ተከተለ።

እውነቱን ልንገራችሁ። የዛን አዲስ ክፍል ጣሪያ የመታሁት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ወር። አንድ ቆርቆሮ በደንብ ከተመታ ሃያ ምናምን ሚስማር ይበላል። እኔ ዳር ዳሩን ስድስት ስድስት እየሰጠሁ አለፍኩት። ለምን ብትሉኝ፣ የዛን ቀን ከሰፈር ልጆች ጋር የጆተኒ ግጥሚያ ነበረን፣ ያለኔ ደሞ አይሆንላቸውም። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሚስማር የሚቆጥር ሰው እስከዛሬ አላየሁም። ከታች ሲያዩት ያብረቀርቃል። እትዬ ራሳቸው ቀና ብለው አይተው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። እኔም አይኔን በጨው አጥቤ «አሜን» አልኩ። በዚህ ዓመት ብቻ አራት ጣሪያ እንደዛ አድርጌ መትቻለሁ፣ አንድም ሰው አልተናገረኝ።

ሌላው ችግር ደሞ ሰው አያምነኝም። ባለፈው ሳምንት አሸንዳውን ልለካ መጥቼ «እባብ ገብቷል፣ እናቴን» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ልጆቹን ሁሉ እያንጋጉ ፀሐይ ላይ አወጧቸው። እኔ አዲሱ ክፍል ውስጥ ቀርቼ ብስኩታቸውን ጨረስኩ። እባቡ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ብቻ አልወጣም። ሽማግሌው ነው የምንለው፤ አራት ዓመቱ ነው፣ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚራመደው። እናቱ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ስለሆነ በጠዋት አምጥተውት ማታ ነው የሚወስዱት። ከየት እንደሚያውቀኝ እንጃ፣ ካየኝ ጀምሮ «ጣሪያ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ብስኩት ስበላ መጥቶ ፊቴ ቆመ። እንዳያሳጣኝ ብዬ «አደጋ ሲመጣ እዚህ ቁምሳጥን ውስጥ ግባ። ቢጠሩህም ድምፅህን አታሰማ፣ እባብ ስም ይሰማል» አልኩት። አመነኝ። በዛ ግቢ ውስጥ የሚያምነኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ያ ሁሉ ተንኮል ዞሮ መጣ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ።

ክፍሉ ኮርኒስ የለውም፤ ቀና ስትሉ የምታዩት ቆርቆሮውንና የተሸከመውን እንጨት፣ ሞራሌውን ነው። ቀና አልኩ። ጣሪያው ይተነፍሳል። ንፋሱ ሲገባ መሃሉ ከፍ ይላል፣ ሲወጣ ጧ ብሎ ይተኛል። ልጆቹ ጧ ባለ ቁጥር ይጮኻሉ። እትዬ ፍራሾቹን ከግድግዳ እያወረዱ መሃል ለመሃል ያነጥፋሉ፣ ልክ ካልተመታው ስር።

«እትዬ፣ ጣሪያው አልተመታም።»

«ምን አልክ?»

«መሃሉን ሚስማር አልሰጠሁትም። ሊሄድ ነው።»

ቀናም አላሉም። «እባቡስ? እባቡ የት ደረሰ?»

«እናቴን እውነቴን ነው።»

«እናትህን ተዋት። ባለፈውም በሷ ምለህ ነው ብስኩት የበላኸው። ይልቅ ያንን ፍራሽ አቀብለኝ።»

እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ጠፋኝ። ውሸት ቢሆን ኖሮ አስር ዓይነት መንገድ አውቅ ነበር። ያኔ በሩን በጀርባቸው ደግፈው የቆሙትን ጋሼን አየኋቸው፣ ከዛ ዓይኔ ጫማቸው ላይ ወደቀ።

«የጋሼን ጫማ በምን የቸነከርኩት ይመስሎታል?» አልኩ።

ጋሼ ቀስ ብለው ዞሩ። «አንተ ነህ?»

ያን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። ጋሼ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ጫማቸውን ተጫምተው ሊራመዱ ሲሉ፣ ጫማው ከጥበቃ ቤቱ የጣውላ ወለል ጋር ተቸንክሮ ኖሮ በግንባራቸው ተደፉ። ማን እንዳደረገው ሳይታወቅ ቀረ። ጉጠት ይዘው ጫማውን ያስለቀቁላቸው እትዬ ናቸው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እትዬ፣ ምን ዓይነት ሚስማር ነበር የነቀሉት? ባለ ቆብ አይደል? የቆርቆሮ ሚስማር ነው። የዚህ ጣሪያ ነው። የተረፈውን የት ላድርገው ብዬ ነው።»

እትዬ ፍራሹን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ከዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። ቆርቆሮው ከፍ ሲል በመሃል ሰማይ ታየ፣ ጣት የሚያህል ሰማይ፣ ከዛ ጧ።

አልጮሁም። አልሰደቡኝም። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

«ልብስ ማጠቢያው ክፍል» አሉ። «የውሃ ታንከሩ ከላዩ የተቀመጠበት ነው፤ ጣሪያው ሲሚንቶ ነው። ጋሼ፣ ፍራሹን በዛ በኩል ያንሱ። አንተ በዚህ በኩል። ልጆች፣ ባቡሩ ሊነሳ ነው። ቋጠሯችሁን ያዙ።»

ልብስ ማጠቢያው ከግቢው ማዶ ነው። ሌላ ጊዜ ሃያ እርምጃ ነው፤ ያን ቀን ሌላ አገር ነበር። በረዶው ጀምሯል፣ የርግብ እንቁላል ያክላል። ፍራሹን እንደ ጃንጥላ ከልጆቹ በላይ ይዘን ወጣን። በረዶው ፍራሹ ላይ ሲወርድ ዱላ ነው የሚመስለው። ንፋሱ ፍራሹን ሊቀማን ይታገላል። የሆነ ሰው ሸራ ጣሪያ በአጥር ላይ ዘሎ ገባና አለፈን። እትዬ ከፊት ናቸው፣ ትንሿን በልብሳቸው ጠቅልለው፣ ድምፃቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ነው። «ጎበዝ። እንደዛ። ማንም እንዳይለቅ።»

«ከዚህ ከተረፍን» አሉኝ ጋሼ ከወዲያ በኩል፣ «በዛው ጫማ ነው የምልህ።»

«ከተረፍን ይበሉኝ።»

ደረስን። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ የሳሙና ሽታ አፍኖታል። እትዬ ልጆቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ትልልቆቹ የልብስ መዘፍዘፊያ ሳፋዎች ውስጥ አስቀመጧቸው። ከዛ ገመዱን በእጃቸው ስበው ቋጠሮ በቋጠሮ ይቆጥሩ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባተኛው ላይ እጃቸው ቆመ።

«ሽማግሌው የታለ?»

ጋሼ በሩን ከፍተው በስሙ ተጣሩ። ደጋግመው ተጣሩ። እትዬም ተጣሩ፣ አሁን ድምፃቸው ተሰብሯል። ምንም መልስ የለም።

እኔ ግን አወቅኩ። «ሊሄድ ነው» ስል ሰምቶኛል። አደጋ መጣ ማለት ነው። ቋጠሮውን ለቆ ቁምሳጥን ውስጥ ገብቷል። እንኳን እትዬ፣ እናቱም ብትጠራው አይመልስም፤ እኔ ነኝ አታሰማ ያልኩት።

አልዋሻችሁም፣ ልሸሽ አሰብኩ። የግቢው በር በንፋስ ተበርግዷል። እግሬ አውጪኝ ብል ማን ይከተለኛል? እግሬ ግን እንዴት እንደሆነ አላውቅም ወደ አዲሱ ክፍል ሄደ።

ስገባ የመጀመሪያው ቆርቆሮ እየተገነጠለ ነበር። ጨርቅ ሲቀደድ ዓይነት ድምፅ አለው፣ በጣም ትልቅ ጨርቅ። ቁምሳጥኑን በረገድኩት። ሽማግሌው ከአሻንጉሊቶቹ መሃል ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፣ አፉን በመዳፉ አፍኗል።

«ስትጠራ ለምን ዝም አልክ?»

እጁን ከአፉ ትንሽ አነሳ። «ስሜን እንዳይሰማው» አለ በሹክሹክታ።

አንስቼ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት፣ ዚፑን እስከ አገጩ ሳብኩት። በሩ ጋ ልደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ጣሪያው ሄደ። አንድ ሁለት ቆርቆሮ አይደለም፣ በሙሉ፤ ክዳኑን እንደከፈቱት ድስት ብርሃን ሆነ። ሞራሌዎቹ ተከታትለው ወረዱ። እትዬ ፍራሽ ያነጠፉበት ቦታ ላይ ነው የወረዱት፣ መሃል ለመሃል። የእሳት ራት የተሳለበት ትራስ ነበር፤ ሞራሌው በስቶት ከወለሉ ጋር ሰፋው። አንዱ ደሞ ጀርባዬን ጨረፈኝ። አላመመኝም ያኔ። ትራሱን ብቻ ነበር የማየው።

እንዴት እንደተሻገርኩ አላስታውስም። ጋሼ በሩ ላይ በኮሌታዬ ይዘው ሲጎትቱኝ ትዝ ይለኛል። ከዛ እትዬ እጃቸውን ጃኬቴ ውስጥ ሰደው የሽማግሌውን ፊት ሲደባብሱ። አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ ጥርሱን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ። ከዛ እንደገና ገመዱን አነሱና ቆጠሩ። አስር። ትንሿ አስራ አንድ። ሦስት ጊዜ ቆጠሩ።

ጋሼ በሩን በርጩማ ደገፉት። ንፋሱ አልቆመም፣ እንደውም ብሶበታል። ቆርቆሮዎቼ ግቢው ውስጥ እየተላተሙ ይጮኻሉ። በጩኸታቸው ለየኋቸው፣ የገዛ ሥራዬን። ልጆቹ ሳፋ ውስጥ ተቃቅፈዋል። አንዷ «ቤት እንሂድ» ትላለች፣ ሌላው ሽንቱ አምልጦታል። ማንም አይስቅም።

እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ያዩኛል። ስድቡን ጠበቅኩ። ጥፊም ቢሆን እሺ ነበር፤ ጉንጬን እንኳ አዘጋጅቻለሁ። ወይ ደሞ ልጁን ስላመጣሁት ጎሽ ይሉኝ ይሆን ብዬ አስቤያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

«እትዬ፣ ይቅርታ» አልኩ። «ይኸው ሁሉም ተርፈዋል። ንፋሱ ሲያቆም እኔው ራሴ እሠራዋለሁ፣ በቆርቆሮው በየጉብታው ሚስማር እሰጠዋለሁ።»

«ይሄን ተወው» አሉኝ። «ሌላስ የት ሠርተሃል?»

አልጠበቅኩትም። አራቱ ጣሪያ በዓይኔ መጣ። አንዱ ዳቦ ቤት ነው፣ አንዱ የጎማ ጥገና፣ ይሄ ሦስተኛው። አራተኛው ከገበያው ጀርባ ያለው ትንሽ ቤት ነው፣ ሴትየዋ እርጉዝ የነበረችው። ያን ጣሪያ ስመታ የሆነ ልጅ መስኮቱ ጋ ቆሞ እጁን አጣምሮ ሲያየኝ ይውል ነበር። አሁን ማን ይናገራል? ቢናገርስ በዚህ ንፋስ ማን ይደርሳል?

«ይሄ ብቻ ነው» አልኩ። «ሌላው በደንብ ነው የተመታው። እናቴን።»

ሽማግሌው ከጃኬቴ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ።

«ውሸታም። የኛንም ቤት አንተ ነህ የሠራኸው፣ እማዬና ሕፃኑ እዛ ተኝተዋል።»