ራውተሩ እንዳይረሳኝ

ጠዋት ቢሮ ስገባ ከክፍሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ የእኔዋ ብቻ በርታ ትጠብቀኝ ነበር። ዘበኛችን ጋሽ አሕመድኑር መጀመሪያ ያዩዋት ቀን በር ላይ አስቆሙኝ።

«የትምወርቅ፣ ወላሂ ማንም ሳይነካት ብቻዋን ተነሳች። ቁርኣን ላስቀራባት?»

«ይተዋት ጋሼ፣ ክፉ አይደለችም» አልኳቸው ሳቄን ዋጥ አድርጌ።

የሚያበራት ባሌ ነው። አሳምነው ደሴ ከተማ፣ ዞኑ ቢሮ ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ እኔ መካነ ሰላም፣ ወረዳው ውስጥ ኮምፒውተሮቹን እይዛለሁ። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፤ አብረን ያሳለፍነው ግን በዓል በዓሉን ብቻ ነው። ዝውውር ብጠይቅ «በጀት ሲፈቀድ» አሉኝ። እሱ ቢጠይቅ «ምትክ ሲገኝ» አሉት። ክረምት ሲገባ ደግሞ መንገዱ ይበላሽና ደሴ የሌላ አገር ያህል ትርቀኛለች።

አሳምነው ሥራ እንደገባ መጀመሪያ የሚያደርገው የእኔን ማሽን ማብራት ነበር። ስክሪኑ በርቶ ሳየው፣ ደሴ ላይ አንድ ሰው ገና ሻይ ሳይጠጣ አስቦኛል ማለት ነው። ትንሽ ነገር መሆኑን አላጣሁትም። የናፈቀች ሴት ግን በትንሽ ነገር ትኖራለች፤ አንዳንድ ቀን ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ቆሜ አየው ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ራውተሩ፣ ከውጭ የሚመጣውን ለየማሽኑ የሚያደርሰው ሣጥን፣ ለአንድ ማሽን መልእክት ሲደርሰው «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ ክፍሉን ይጠይቃል። ማሽኑም «የእኔ ነው» ብሎ መለያ ቁጥሩን ይነግረዋል። የተኛ ማሽን ግን ቢሰማም አይመልስም፤ ራውተሩም ጥቂት ቆይቶ ይረሳዋል። ስለዚህ አሳምነው የመቀስቀሻ መልእክቱን የሚልከው ለክፍሉ ማሽኖች በሙሉ ነበር። ሁሉም ይሰማሉ፤ መለያ ቁጥሯ የተጠራው የእኔዋ ብቻ ትነሳለች።

ግንቦት ላይ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ከውጭ ለሁሉም ማሽን የሚላክ መልእክት መስመሩን እያጨናነቀ ስለሆነ በየወረዳው ራውተር ላይ ይዘጋ ተባለ። የሚያስፈጽመው አሳምነው ነው። የእኛን ራውተር ከሩቅ ገብቶ ማስተካከል ስለማይቻል ትእዛዙን እሱ ላይ የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ።

በቢሮው ስልክ ደወለ። ሰላምታው ደረቅ ነበር፤ አጠገቡ ሰው እንዳለ ገባኝ። ትእዛዙን ፊደል በፊደል ነገረኝ፣ ጻፍኩ። ለማጽናት አንድ ቁልፍ መጫን ሲቀረኝ ግን እጄን ሰበሰብኩ።

«ይህ ከተዘጋ ጠዋት አታበራልኝም።»

«አውቃለሁ።»

«የሌላው ወረዳ ይዘጋ፣ የእኛን ተወው።»

«ነገ ይፈትሹታል፣ የትሜ። ተጫኚው።»

ተናደድኩ። ለዝውውራችን አንድ ቀን እንዲህ ቆርጠህ ብትናገር ምን ነበረበት እያልኩ በሆዴ፣ ተጫንኩት። ስልኩን ልዘጋ ስል «ቆይ፣ አንድ መስመር ይቀራል» አለ።

የማሽኔን አድራሻ አስጻፈኝ፤ ቀጥሎም መለያ ቁጥሯን። ቁጥሩን ከእኔ አልጠየቀም፣ በቃሉ ነው ያለው። ስጽፈው ገባኝ። ራውተሩ ከእንግዲህ «የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ ብትተኛም አይረሳትም። አሳምነው ለሁሉም መላክ ሳያስፈልገው ለእሷ ብቻ መላክ ይችላል።

«ይህኛውን ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ማንም ደግሞ አልከለከለኝም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዳይረሳሽ ብዬ ነው።»

በማግስቱ እየሮጥኩ ገባሁ። በርታለች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሁን ማንም አይዘጋብንም። እሱ እዚያ እያበራ፣ እኔ እዚህ ቆሜ እያየሁ፣ አሥር ዓመትም ቢሆን እንዲሁ ልንኖር እንችላለን። ያስለቀሰኝ ይህ ነው።

ስልኩን አንስቼ ደወልኩለት።

«በርታለች?» አለኝ።

«በርታለች። ነገ ግን አታብራት» አልኩት። «ራስህ ና።»