የኢኖክ ግድግዳ

የመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ሲከፈት ሴድሪክ ፔልሃም ቢራውን ይዞ ከሁሉም ፊት ቆሞ ነበር። ምነው እግሩን በሰበረው! አናጺዋ ታምሲን ሲሚንቶውን በመሮ ፈንቅላ ስታነሳው፣ አራት መቶ ዓመት የቆመው የባሉጥ ምሰሶ እንደ ራሰ ዳቦ እጇ ላይ ፈረሰ።

«ማነው ይህን ጉድ የለሰነው?» አለች። «የእንጨት ቤት በኖራ ነው የሚለሰን። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል እኮ!»

«ኢኖክ ነዋ፣ ሌላ ማን ይሆናል?» አለ ወፍራሙ ባርናቢ። «ኖራ ኖራ እያለ ሲያደርቀን ኖሮ ሞተ፤ ለካስ ጉዱ እዚህ ተደብቋል!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሴድሪክ ፊት ነደደ። ሟቹ ኢኖክ የልስን ሙያ ያስተማረው ሰው ነው። ግድግዳው በተለሰነበት በጋ ኢኖክ ታሞ ሲተኛ ሥራውን ለሴድሪክ አደራ ሰጠው። ኖራ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሴድሪክ ደግሞ የመንደሩ የክሪኬት ግጥሚያ እንዳያመልጠው ቸኩሏል። በሁለት ቀን ሲሚንቶ ለጥፎ ተገላገለና ላዩን ኖራ ቀባው። ኢኖክ በምርኩዝ መጥቶ አየው። «ጎበዝ፣ ኮራሁብህ» አለው።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሄስተር የኢኖክ ልጅ ናት። አንገቷን እንደደፋች ወንበር ጎትታ ላዩ ላይ ወጣች። የሞቱ ደንበኞች የቢራ ኩባያ ለክብራቸው ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ይሰቀላል፤ የአባቷን ልታወርድ እጇን ዘረጋች።

«ተይው ሄስተር!» አለ ሴድሪክ። «እኔ ነኝ። ሲሚንቶውን የለሰንኩት እኔ ነኝ።»

ባርናቢ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አይ አንተ ሰው! ለአስተማሪህ ስትል በራስህ ትመሰክራለህ? እንዳንተ ያለ ተማሪ ከየት ይገኛል!»

«የምሬን ነው!»

«እሺ፣ እሺ፣ የምርህን ነው» ብለው ሳቁ።

ሄስተር ኩባያውን ይዛ ወረደችና ሴድሪክን አቅፋ አለቀሰች። «ውለታህን አልረሳውም። አባባ ግን ያጠፋውን አጥፍቷል፤ እዚህ መሰቀል አይገባውም።»

ሲሚንቶውን የሸጠለት ሰው በሕይወት አለ፤ ስሙን ቢጠራ ለማስረጃ ይበቃ ነበር። አፉን ከፈተ። ባርናቢ አዲስ ቢራ እጁ ላይ አኖረለት።

«ለታማኙ ሴድሪክ!» ብለው ብርጭቆ አነሱ።

እሱም አብሯቸው ጠጣ።