የምላጭ አውራ ጣት

ሌላ አባት ቢሆን ልጁ ከጓደኞቿ ጋር ተራራ ልትወጣ መሆኑን ሲሰማ የሚፈራው ገደሉን ነው፤ ቢበዛ አውሬውን። ምላጭ ግን የፈራው ሱቁን ነበር። «አባዬ፣ ቅዳሜ አብረን ሄደን ትንሽ ቢላዋ ትመርጥልኛለህ» ስትለው እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«በቢላዋማ ማን ይችለኛል!» አለና ሳቀ። ይህን ያለው አፉ ነው። እጆቹን ጠረጴዛው ስር ደብቋቸው ነበር።

ምላጭ የወጣለት ስም ነው። በአንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነው። ድርብርብ ጨርቅ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፣ በጠመኔ ይሰመራል፤ ከዚያ እሱ የሚንቀጠቀጠውን የኤሌክትሪክ መቁረጫ በቀኝ እጁ ይዞ መስመሩን ተከትሎ ይነዳዋል። ግራ እጁ ከስለቱ ፊት ፊት እየሄደ ጨርቁን ይጫናል። የቆራጭ ዐይን መስመሩ ላይ ነው፤ ጣቶቹን የሚጠብቁት ራሳቸው ጣቶቹ ናቸው። የብረት ጓንት እንደሆነ አለ፤ ግን የድሮ ቆራጮች ጓንት ያጠለቀን ሰው «ካልሲውን ሳያወልቅ እግሩን የሚታጠብ» እያሉ ይስቁበታል። ስለት የሚሞክሩትም በወረቀት አይደለም። የግራ አውራ ጣታቸውን ስለቱ ላይ ሸርተት ያደርጉና፣ ሳያዩ፣ ወሬያቸውንም ሳያቋርጡ፣ «ይሄ ይሳል፣ ያኛው ይቆየን» ይላሉ። በዚህ በኩል ምላጭን የሚያህል አልተገኘም። ስለት የሚስሉት ሰዎች እንኳ እሱ አውራ ጣቱን ሳያሳርፍበት ማሽኑ ላይ አይገጥሙም።

ከክረምቱ ወዲህ ግን ነገር ተበላሸ። መጀመሪያ የግራ እጁ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ጠዋት ጠዋት ይደነዝዙ ጀመር። ተኝቼባቸው ነው አለ። ቀን ላይም ሲደነዝዙ ብርዱ ነው አለ። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ምስክር አይጠራም፤ እሱም አልጠራም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ውይ! ጣትህ ላይ ምንድን ነው?» ስትለው አየ። እስፒል ነው። ሌባ ጣቱ ውስጥ እስከ ራሱ ገብቶ ተሰክቷል። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ይዞት መጥቶ፣ እጁን ታጥቦበት፣ ዳቦ ቆርሶበታል።

«ለምጄዋለሁ» ብሎ ነቅሎ ጣለው። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገባ፣ በሩን ቆለፈ፣ ግድግዳ ተደገፈ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ፍርሃት አብሮት ውሎ አብሮት ይገባል። ማሽኑ ጣቱን ቢወስደው የሚያውቀው ጨርቁ ሲቀላ ነው። ስለዚህ መስመሩን ትቶ ጣቶቹን ማየት ጀመረ። ጣቱን የሚያይ ቆራጭ ደግሞ ጨርቅ ያጣምማል፤ አንድ ክምር እጅጌ ጠሞ ወጣ። የክፍሉ ኃላፊ «ምላጭ፣ ዶለዶምክ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ጀርባውን ግን ላብ አጠመቀው። ከእሱ በፊት የነበረው ቆራጭ እጁ ሲደክም ምን እንደሆነ ያውቃላ! በር ላይ ወንበር ተሰጥቶት ለገባ ለወጣው እጅ ሲነሳ ይውላል። ሁሉም ያከብረዋል፣ ማንም ምክር አይጠይቀውም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ምላጭ ራሱ ለስንት ሰው ተርቶታል። ግን ሐኪም ጋ ቢሄድ ወረቀት ይጻፍለታል፣ ወረቀቱ ፋብሪካ ይደርሳል፣ ቀጥሎ ያቺ ወንበር ትመጣለች። በዚያ ላይ ልጁ አለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አባቷ ባስነጠሰ ቁጥር ጉዞ የምትሰርዝ ልጅ ናት። እና ምላጭ ራሱን እንዲህ ብሎ አጽናና፦ የታመሙት ሁለት ጣቶች ናቸው። አውራ ጣቴ ደህና ነው። ቀኝ እጄም ደህና ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ልጁ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ስለሆነች አባቷንም አንዳንዴ እንደ ተማሪዎቿ ነው የምታደርገው። መንገድ ሲሻገሩ እጁን ልትይዝ ስትል ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ባለፈው ይዘን የሄድነው ሰንጢ ነበር» አለችው። «ጓደኛዬ ዳቦ ስትቆርጥ መያዣው ለቀቀና ጣቷ ላይ ታጠፈባት። ሰንጢ በቃኝ። አሁን የማይታጠፍ፣ ትንሽ፣ ኪስ የማይጎዳ ነው የምፈልገው።»

«ጣቷስ?»

«ተሰፍታ ዳነች። ምን ሆንክ አባዬ? ፊትህ እኮ አመድ መሰለ።»

«ርቦኝ ነው።»

ሱቁ ጠባብ ነው። ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ባልዲ፣ በኪሎ የሚሸጥ ምስማር ተጠቅጥቆበታል። ከመስተዋት ጠረጴዛው ኋላ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ባለሱቅ ተቀምጣለች። ልጅቷ የምትፈልገውን ስትነግራት ከመሳቢያ ሦስት ቢላዎች አውጥታ መስተዋቱ ላይ ደረደረች።

«እነዚህ ይበቁሻል የኔ ልጅ። ሌሎቹ ለፉከራ ናቸው። ሽንኩርት ለመላጥ ጎራዴ የሚገዛ ሞልቷል፤ ገንዘቡ ነው ምን አገባኝ! አንቺ ግን ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ መዝለቁን እዪ። መንገድ ላይ ከቀረ፣ ጫን ስትይው እጀታው ብቻ እጅሽ ላይ ይቀራል። ሰገባውን ደግሞ ገልብጠሽ አራግፊው። ቢላዋው ከወደቀ ተይው፣ አንድ ቀን ጭንሽ ላይ ይወድቃል።»

ልጅቷ ሦስቱንም አንድ በአንድ ገልብጣ አራገፈች። አንዱ ዱብ አለ። ሁለት ቀሩ፤ ባለ ጥቁር እጀታውና ባለ አረንጓዴ እጀታዋ።

«የስለቱን ነገር ለአባዬ ተዉት» አለች በኩራት። «በአውራ ጣቱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ይመልከቱት ብቻ!»

ምላጭ ጥቁሩን አነሳ። አውራ ጣቱን ስለቱ ላይ አሳርፎ ሸርተት አደረገ። ምንም የለም። የማንኪያ ጀርባ የነካ መሰለው።

«ይሄ ዶልዱም ነው።»

«ምን አሉ?» ባለሱቋ መነጽሯን ወደ ዐይኗ አወረደች። «ገና ከካርቶኑ የወጣ ዕቃ እኮ ነው!»

«ከካርቶንም ይውጣ ከሰማይም ይውረድ፣ ቅቤ አይቆርጥም።»

ባለሱቋ ነገር አላበዛችም። ቢላዋውን ተቀበለችው፣ ከመጠቅለያ ወረቀቱ አንድ ቅዳጅ አነሳች፣ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ስለቱን አወረደችበት። ወረቀቱ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ለሁለት ተከፈለ።

«አባዬ፣ ዛሬ ተሸነፍክ!» ብላ ልጁ ሳቀች።

ምላጭ አልሳቀም። አውራ ጣቱ ዋሽቶት አያውቅም። ሴትዮዋ ወረቀቱን አስቀድማ ቀዳው ይሆን? ነጋዴ ምን የማያውቀው ዘዴ አለ! ልቡ «በል አንዱን በዐይንህ መርጠህ ቶሎ ውጣ» አለው፤ ጥሩ ምክር ነበር። ግን መውጣት አቃተው። ሌላ ሰው ቢያየው እልህ ነው ይላል። እልህ አይደለም፣ ፍርሃት ነው፤ የዚያን ጣት ነገር ሳያውቅ ከዚያ በር ሊወጣ አልቻለም። አረንጓዴዋን አነሳ። አውራ ጣቱን ጫን አድርጎ ሳበው። ምንም። መለሰና የበለጠ ጫን አድርጎ ሳበው። ምንም።

«ይቺም ያው ናት» አለ።

ባለሱቋ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። መስተዋቱ ላይ፣ ከተቆረጠው ወረቀት አጠገብ፣ ደም አለ። አንድ ሁለት ጠብታ አይደለም፤ ወደ ጠርዙ የሚወርድ ደም ነው።

«ልጄ!» ብሎ ጮኸ ምላጭ። «ተቆረጥሽ!»

ቢላዋዋን ጥሎ የልጁን ሁለት እጆች አፈፍ አደረገ። መዳፏን ገለበጠ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቀ። በነካው ቦታ ሁሉ ደም ነው፤ አንጓዋ ላይ፣ ክንዷ ላይ፣ እጅጌዋ ላይ። ቁስሉን ግን ሊያገኘው አልቻለም። «የት ላይ ነው? አሳዪኝ እንጂ! የት ላይ ነው?» ነፍሱ ከሥጋው ልትለይ ደረሰች።

«አባዬ።»

«ዝም በይ! አትንቀሳቀሺ! ጨርቅ ስጡኝ፣ እባክዎ ጨርቅ!»

«አባዬ፣ የኔ አይደለም» አለችው። የወደቀ ሕፃን ማልቀስ ከመጀመሩ በፊት እንደምታናግረው ቀስ ብላ ነው ያለችው። «የኔ አይደለም። ያንተ ነው።»

ምላጭ ወደ እጁ ተመለከተ። አውራ ጣቱ ሁለት ቦታ ላይ ተከፍቷል፤ አንደኛው ጥልቅ ነው። አላመመውም። ሕመሙን ጠበቀው፣ ቢመጣለት ደስ ባለው፤ አልመጣም።

ባለሱቋ በርጩማ አምጥታ አስቀመጠችው። ጥጥና ፋሻ ፈልጋ አልኮል አፈሰሰችበት። ፊቷን አጨማደደች፤ የተቃጠለው የእሱ ጣት፣ ያመመው ግን እሷን ነበር።

«አረንጓዴዋን ግዢ» አለ ምላጭ። «ግሩም ስለት ነው ያላት።» ሊስቅ ሞከረ፤ አብሮት የሳቀ የለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው ልጁ።

«ምኑ?»

«አባዬ!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደረሰ። ምላጭም ተናገረ። እስፒሉን ነገራት፣ የጠመመውን እጅጌ ነገራት፣ በር ላይ ያለችውን ወንበር ነገራት። «ፈራሁ» አላት፤ ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። «ማሽኑን ባስነሳሁ ቁጥር እፈራለሁ። ጣቴ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ፣ እኔ ምንም ሳላውቅ ቆሜ የምቆርጥ ይመስለኛል።»

ልጁ ለቅሶዋን ዋጥ አደረገችው። «ተራራው የትም አይሄድም። ሰኞ ሐኪም ጋ ነን።»

«በፍጹም! መንገድሽን አትተዪም!» ከበርጩማው ሊነሳ ሲል ባለሱቋ ትከሻውን ይዛ መለሰችው። «የታመመው ግራው ነው፤ ግራው ብቻ! ስለ አንድ ግራ እጅ የሰው ጉዞ ይቀራል እንዴ? ቀኙ ደህና ነው። ማሽኑን የምይዘው በእሱ ነው። ቀኜ እስካለ ድረስ ምን እሆናለሁ? ጓንቱን አጠልቃለሁ፣ ከፈለጉ ይሳቁብኝ። እንቺ፣ ቀኜን እዪው!» ብሎ ዘረጋላት።

«እሺ» አለችና ፊቱ ተንበረከከች። «ዐይንህን ጨፍን። ስነካህ የትኛው ጣት እንደሆነ ትነግረኛለህ። ደግሞ እንዳታጭበረብር።»

«ተማሪሽ መሰልኩሽ?»

«ጨፍን አባዬ።»

ጨፈነ። ከውጭ መኪና ሲያልፍ ሰማ። ባለሱቋ መስተዋቱን ስትወለውል የጨርቁን ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ መወልወሉ ቆመ። የልጁን ትንፋሽ ሰማ፤ ቶሎ ቶሎ ነው የምትተነፍሰው። ምስኪን፣ ደንግጣለች አለ በልቡ። ቀኝ እጁን፣ ደህናውን እጁን እንደዘረጋ ጠበቀ። ስንት ጊዜ አልረጋ ያለው ልቡም ትንሽ ረጋ፤ ቢያንስ ይህን ፈተና ያልፈዋል።

«በይ እንጂ፣ ጀምሪ» አላት።

ትንፋሿ ተቆራረጠ።

«ጀምሪ እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ዐይኑን ገለጠ። ልጁ ከንፈሯን ነክሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ የቀኝ እጁን ትንሽ ጣት በሁለት ጥፍሮቿ መሃል አድርጋ ባላት ኃይል ሁሉ ቆንጥጣ ይዛለች። በቀሩት አራቱ ጣቶቹ ላይ የጥፍሮቿ ምልክት በየተራ ታትሟል።