ብልቃጥ ስንጥ የዋልኩ ዕለት

ስሞት እውነት ነው! አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ፤ ማጋነን እንደሆነ በዘሬም የለ።

አማቴ ሆሚዮፓቲ የሚባለው፣ በቀጠነ ቁጥር ይበረታል የሚሉት መድኃኒት ቀማሚ ናቸው። ሥራ ፈትቼ ግድግዳ ላይ ሳፈጥ ስከርም አላስችል ብሏቸው አስጠሩኝ። «ሞክር እስቲ። ካበላሸህ ግን ዳግም እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ!» እኔም ከዚያ መቀመሚያ ክፍል ውጭ ተስፋ አልነበረኝም።

ሥራው እንዲህ ነው፦ አበባ በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጠለላል። ከእሱ አንዲት ጠብታ ውሃ ባለው ብልቃጥ ትገባለች። ብልቃጡን ከድኖ፣ ቂጡን ቆዳ ትራስ ላይ መታ መታ እያደረጉ መናጥ። ከተናጠው ደግሞ አንዲት ጠብታ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው፣ እያቀጠኑ መሄድ ነው። ሁሉም ኩልል ያለ ውሃ ስለሚመስሉ የተናጠው በግራ፣ ያልተናጠው በቀኝ ይቀመጣል። ወሬ ክልክል ነው።

ወሬ ክልክል! ለኔ!

እኔ ስንጥ እንኳን ጠረጴዛው ሰፈሩ ተናጠ። ጎረቤት ምድር ተንቀጠቀጠች ብሎ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። እግሬም አላርፍ አለ፤ እየተንጎራደድኩ ናጥኩ፣ እየናጥኩ አወራሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁጭ ብለህ ምታ!» አሉ አማቴ።

«እማማ፣ አንበሳ ቁጭ ብሎ ያድናል እንዴ?»

«አንበሳ ብልቃጥ አይንጥም።»

መልስ ልሰጥ ዞር ብዬ ስመለስ ግራና ቀኙ ጠፋብኝ። ሁለት ብልቃጥ፣ ሁለቱም ሙሉ፣ ሁለቱም ኩልል ያሉ። አማቴ ከኋላዬ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው ማጅራቴን ይገርፈኛል። አንዱን አነሳሁ፣ መለስኩ፣ ሌላውን አነሳሁ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይወድቅ ነበር። እኔ ግን ተራ በተራ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኳቸው፤ የተናጠው እንደ ንብ ቀፎ እም እም ይላል! እሱን ሰጠኋቸው። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ «ልጄ፣ ከዛሬ ወዲህ ክፍሉ ያንተ ነው» አሉኝ።

ይህን እየጻፍኩ እዚህ ላይ ስደርስ፣ እዚያው ክፍል ብልቃጥ የምታጥበው ሚስቴ በትከሻዬ በኩል አነበበችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ እኮ ከደጃፉ ነው የመለሰችህ» አለችኝ። «ወሬህ ገና ሳትገባ በዛባት። ስንጥ የዋልኩት እኔ ነኝ፤ ግራና ቀኙ የጠፋብኝም እኔ ነኝ። እማዬ ሁለቱንም ደፋችና ‹ከመጀመሪያው› አለችኝ።»